«አሙቄ ነው የሰጠሁት»፦ ስለ ያደረ ሩዝ



የሚያስታውክ ልጅ ይዘው የሚመጡ እናትና አባቶችን «ምን በላ?» ብዬ ስጠይቅ «ምንም የተለየ ነገር አልበላም፣ ሩዝ ብቻ ነው» የሚሉኝ ጥቂት አይደሉም። «ሩዙ መቼ ነው የተሠራው?» ስላቸው ደግሞ «ማታ ነው፤ ግን ጠዋት በደንብ አሙቄ ነው የሰጠሁት» ይላሉ። የዛሬው ጽሑፌ በዚህች «ግን» ላይ ነው።

በእኔ እምነት ስለ ያደረ ሩዝ የምናደርገው ጥንቃቄ ያለ ቦታው ነው የገባው። ሐሳባችን በሙሉ ጠዋት ማሞቂያው ላይ ነው። ሩዙ ደህና መሆን አለመሆኑ የሚወሰነው ግን ማታ፣ ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ነው። ያቺን ሰዓት ያሳለፈ ሰው ጠዋት የቱንም ያህል ቢያሞቅ የሚመልሰው ነገር ትንሽ ነው።

ለምን መሰላችሁ፤ ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። መኖሪያው አፈር ነው። ስለዚህ ከማሳ የመጣ እህል ላይ መገኘቱ አያስገርምም፣ ሩዝ ላይም ብዙ ጊዜ ይገኛል። ከውጭ የመጣ ባስማቲ ሆነ የፎገራ ሩዝ ለውጥ የለውም፤ ደጋግሞ በማጠብም አይለቅም። ይህ ባክቴሪያ ነገር ሲከፋበት ስፖር የሚባል ጠንካራ ሽፋን ለብሶ ይተኛል፣ ልክ እንደ ደረቅ ዘር ማለት ነው። ስፖሩን የፈላ ውኃ አይገድለውም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው።

ሩዙ በስሎ ድስቱ ወርዶ መቀዝቀዝ ሲጀምር፣ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ በታች ሲሆን የተኛው ይነቃል። እርጥበቱ አለ፣ ምግቡ አለ፣ ለብ ያለ ሙቀት አለ፤ የሚሻሙት ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ሲፈላ ሞተውለታል። ይራባል። ሲራባ ሴሪዩላይድ የሚባል መርዝ ሩዙ ውስጥ ይተዋል። ጠዋት ስታሞቁት ባክቴሪያው ይሞታል፣ መርዙ ግን እዚያው ይቀራል። በላቦራቶሪ በ121 ዲግሪ ለ90 ደቂቃ ተሞክሮ ያልፈረሰ መርዝ ነው። የቤታችን ምድጃ ይህን አይችልም። የጨጓራ አሲድም አያፈርሰውም። ሽታ የለውም፣ ጣዕም አይቀይርም፤ ስለዚህ «አሽትቼ ነው የሰጠሁት» የሚለውም አይሠራም።

ይህ መርዝ ያለበትን ሩዝ የበላ ሰው ከግማሽ ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ማስታወክ ይጀምራል። የዚሁ ባክቴሪያ ሌላ ዓይነት ሕመም አለ፤ እሱ አንጀት ውስጥ ገብቶ መርዝ ሲያመርት የሚመጣ ሲሆን ከ6 እስከ 15 ሰዓት ቆይቶ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ያስከትላል። ሁለቱም በአብዛኛው በአንድ ቀን ውስጥ ራሳቸው ይሻላቸዋል። ስለዚህ «ያደረ ሩዝ ገዳይ ነው» እያሉ በማስፈራራት በየስልኩ ከሚዞሩት መልእክቶች ጋር አልስማማም። አብዛኛው ሰው ይድናል። እኔን የሚያሳስበኝ ትንሽ ልጅ፣ እርጉዝ ሴት፣ አዛውንትና የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ነው። የ10 ኪሎ ልጅ አምስት ስድስት ጊዜ ሲያስታውክ የሚያጣው ፈሳሽ ለአዋቂ ሰው እንደሚያጣው ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የምሰማው ክርክር አለ። «አያቶቻችን ፍሪጅ ሳይኖራቸው ያደረ ሲበሉ ኖረው የለም ወይ?» የሚል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እንጀራ የቦካ ነው፣ ኮምጣጣ ነው። አሲዱ ብዙ ባክቴሪያ አያሳድግም፤ እንጀራ ሲበላሽ የሚሻግተው ለዚህ ነው፣ ሻጋታውንም በዓይናችን አይተን እንጥለዋለን። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ ደረቅ ናቸው። አያቶቻችን ያለ ፍሪጅ የኖሩት ያለ ፍሪጅ የሚቆይ ምግብ መሥራት ስለሚያውቁ ነው። የተቀቀለ ሩዝ ግን ኮምጣጣም አይደለም፣ ደረቅም አይደለም። ብዙ ቤት ውስጥ የዘወትር ምግብ ሆኖ የገባውም በቅርቡ ነው። ማዕዱ ላይ ገባ እንጂ የአያያዝ ልማዱ አብሮት አልገባም። ፓስታና መኮሮኒም እንደዚሁ ናቸው፤ ከዚህ በታች ስለ ሩዝ የምለውን ሁሉ ለእነሱም አድርጉት።

አሁን የብዙዎቻችንን ቤት የአንድ ቀን ሰዓት እንቁጠር። ሩዙ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ በስሎ ይወርዳል። እራት ይበላል። የተረፈው ክዳኑ ተገጥሞ ምድጃው ላይ ያድራል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ትንሽ ዘይት ጠብ ተደርጎበት ይሞቅና ምሳ ዕቃ ውስጥ ይገባል። ልጁ የሚበላው 6 ሰዓት ከ30 ላይ ነው። ሌሊቱ 12 ሰዓት፣ ቦርሳ ውስጥ ደግሞ ከ5 ሰዓት በላይ፤ ድምሩ 17 ሰዓት ተኩል ነው። በመካከሉ ያለው የአምስት ደቂቃ ማሞቅ ሌሊቱን የተሠራውን መርዝ አያወጣውም። ከዚያ ቀን 9 ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ስልክ ይደወላል።

እንግዲህ ማታ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ሩዙን ከድስቱ አውጡት። ትልቅ ድስት ክዳኑ እንደተገጠመ ከተተወ መሃሉ ለብዙ ሰዓት ለብ እንዳለ ይቆያል። ንጹሕ ትሪ ወይም ሰፊ ዝርግ ሳህን ላይ ሳሳ አድርጋችሁ ዘርጉት፣ ውፍረቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይሻላል። ዝንብ እንዳይነካው በንጹሕ ጨርቅ ሸፈን አድርጉት። ትሪ ከሌለ ድስቱን ቀዝቃዛ ውኃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡና በንጹሕ ማንኪያ እያማሰላችሁ አቀዝቅዙት። ሌላው ዘዴ ደግሞ ከእራት በፊት ለነገ የሚሆነውን ለይቶ ማስቀመጥ ነው፤ ሁሉም ሰው በበላበት ጭልፋ ሲቆሰቆስ አምሽቶ የተረፈውን ለልጅ ምሳ ከማድረግ በጣም ይሻላል። ቢበዛ በአንድ ሰዓት፣ ከሁለት ሰዓት ግን ሳያልፍ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ተደርጎ ፍሪጅ ይግባ።

«ሙቅ ምግብ ፍሪጅ ያበላሻል» የሚባለውን አውቃለሁ። እንፋሎቱ እየወጣ ያለ ሙሉ ድስት ማስገባት በእርግጥ ጥሩ አይደለም፤ አጠገቡ ያለውን ወተትና ሥጋ ያሞቃል፣ መሃሉም ቶሎ አይቀዘቅዝም። ነገር ግን ሩዙ በረዶ እስኪመስል መጠበቅ አያስፈልግም። ተዘርግቶ እንፋሎቱ ከቆመ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ አስገቡት። ብዙ ሰው «ይቀዝቅዝ» ብሎ ያስቀምጠውና ዜናና ድራማ ሲያይ ይረሳዋል፤ እንቅልፉ ይወስደዋል፣ ሩዙም እዚያው ያድራል።

ስለ ፍሪጁም እንነጋገር። ፍሪጅ መርዙን አያጠፋም፣ ባክቴሪያውንም አይገድልም፤ እንዳይራባ ብቻ ያዘገየዋል። ለዚያውም ከ5 ዲግሪ በታች ከሆነ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ቤልጂየም ውስጥ የሆነውን ላንሳ። ዓርብ ዕለት የተሠራ የፓስታ ሰላጣ ቅዳሜ ለሽርሽር ይወሰዳል፣ የተረፈው ፍሪጅ ይገባል፣ ሰኞ ማታ ለአምስት ወንድማማቾችና እህትማማቾች ለእራት ይቀርባል። ልጆቹ ሁሉ ታመሙ፤ አንዲት የ7 ዓመት ልጅ ጉበቷ ሥራ አቁሞ ሞተች። መርማሪዎች ፍሪጁን ሲለኩት 14 ዲግሪ ነበር። እንዲህ ያለ ሞት በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም መሆኑን ደግሜ እናገራለሁ። የማነሳው ፍሪጁ ስለነበረ ሁሉም ነገር ደህና ነው ብለው ማሰባቸው የሁላችንም ሐሳብ ስለሆነ ነው። እኛ ደግሞ መብራት የሚጠፋበት አገር ነው ያለነው። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን ለ4 ሰዓት ያህል ይይዛል። መብራት ጠፍቶ ካደረ፣ ወይም ቆጣሪ እንዳይበላ ተብሎ ማታ ማታ ፍሪጁ የሚነቀልበት ቤት ከሆነ፣ ያንን ፍሪጅ ለሩዝ እንደ ቁምሳጥን ቁጠሩት።

ስንት ቀን ይቆያል? የእንግሊዝ የጤና ምክር ሩዝ ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ እንዳይቆይ ይላል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ደግሞ ለተረፈ የበሰለ ምግብ በጠቅላላው ከ3 እስከ 4 ቀን ይፈቅዳል። እኔ ለታካሚዎቼ የምሰጠው የመጀመሪያውን ነው፤ 24 ሰዓት። የኤሌክትሪኩን ነገር እያወቅኩ አራት ቀን ለማለት ድፍረቱ የለኝም። ውጭ አገር የምትኖሩና እሑድ ለሳምንቱ ሙሉ የምታበስሉ ደግሞ ለነገ ከሚሆነው በስተቀር ሌላውን በዚያው ዕለት በየድርሻው ከፋፍላችሁ ወደ ማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል አስገቡት። በረዶ ሆኖ የቆየ ሩዝ አውጥቶ ወዲያው ማሞቅ ይቻላል፤ ጠረጴዛ ላይ እስኪቀልጥ ማሳደር ግን አይቻልም።

ማሞቅን ንቄ እንዳይመስላችሁ። በትክክል የተቀመጠ ሩዝም ቢሆን መሃሉ ድረስ እንፋሎት እስኪያወጣ መሞቅ አለበት፣ በመለኪያ ቢባል 75 ዲግሪ ገደማ። አንድ ሁለት ማንኪያ ውኃ ጨምራችሁ ክደኑት፣ እየገለባበጣችሁ አሙቁት። ማይክሮዌቭ ዳሩን አቃጥሎ መሃሉን ቀዝቃዛ ይተዋልና አቋርጣችሁ አማስሉት። የምትበሉትን ያህል ብቻ አውጥታችሁ አሙቁ፤ አንድ ጊዜ የሞቀውን መልሳችሁ ፍሪጅ አታስገቡ። ለሕፃን የቀረበና ማንኪያው ከአፉ የገባበት ሳህን ውስጥ የተረፈው አይቀመጥም፣ በቃ።

ስለ ምሳ ዕቃ ከሁሉም በላይ እጠየቃለሁ። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ሙቀት የሚይዝ ምሳ ዕቃ ከሌለና ትምህርት ቤቱ ማሞቂያ ከሌለው፣ ሩዝ አትላኩ። ሩዝ የቤት ምግብ ይሁን። ለትምህርት ቤት ዳቦ፣ ሥጋና እንቁላል የሌለበት የእንጀራ ፍርፍር፣ ሙዝ፣ ለውዝ ይሻላሉ። ሙቀት የሚይዘው ዕቃ ካላችሁ ጠዋት የፈላ ውኃ ሞልታችሁበት አምስት ደቂቃ አቆዩት፤ ድፉትና ወዲያውኑ እየተንፈቀፈቀ ያለውን ሩዝ አስገቡ። ሩዝ ለመብሰል ከ20 ደቂቃ ብዙ አይበልጥም፤ ጠዋት ትንሽ ድስት ጥዶ ልጆቹን እያለባበሱ ማድረስ ይቻላል። ዕቃው ይሠራ እንደሆነ ደግሞ ቅዳሜ ሞክሩት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ሞልታችሁ 6 ሰዓት ከ30 ላይ ክፈቱት። እንፋሎት ካወጣና ምላስ የሚያቃጥል ከሆነ ጥሩ ነው። ለብ ብሎ ከቆያችሁ ዕቃው ቆንጆ ሥዕል ያለበት ፕላስቲክ ነው እንጂ ሙቀት አይዝም። ብዙዎቹ በውድ የሚሸጡ እንዲህ ናቸው።

ትምህርት ቤቶችንም መጠየቅ አለብን ባይ ነኝ። የምሳ ዕቃው ከጠዋት ጀምሮ የት ነው የሚቀመጠው? ፀሐይ በሚመታው መስኮት ሥር ተደርድሮ ያየሁበት ጊዜ አለ። ለመዋኛ፣ ለጉዞ፣ ለምረቃ ጋውን ክፍያ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ጥላ ያለው መደርደሪያና ሁለት ማይክሮዌቭ ከወላጅ ኮሚቴ ጋር ተነጋግሮ ማዘጋጀት አያቅተውም። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ ከውጤት ካርዱ ቀጥላችሁ ይህን አንሱ።

ልጅ ሲታመም ቶሎ ጣት የሚቀሰርባት ቤት ውስጥ የምትሠራዋ ልጅ ናት። «እጇን ሳትታጠብ ነው» ይባላል። እጅ መታጠብ ግዴታ ነው። ነገር ግን የዚህ ባክቴሪያ ስፖር ከጥሬ ሩዙ ጋር ነው የሚመጣው። በጣም ንጹሕ እጅ የሠራው ሩዝም ምድጃ ላይ ካደረ ያሳምማል። «ማታ ዘርግተሽ አቀዝቅዢውና ፍሪጅ አስገቢው» ያላት ሰው ሳይኖር እሷን መውቀስ ፍትሕ አይደለም። በአረብ አገራት በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼም ይህን እንድታነቡ እፈልጋለሁ። በቀን ለምሳ የቀረበ ትልቅ የሩዝ ትሪ እስከ ማታ ቆይቶ የእናንተ እራት ሲሆን፣ ያ ሩዝ ሞቃት ቤት ውስጥ ስድስት ሰባት ሰዓት ተቀምጧል። ቢቻል ገና ሲቀርብ ድርሻችሁን ለይታችሁ ፍሪጅ አስገቡ። ሙቀት ጠብቆ የሚያቆይ የሩዝ ማብሰያ ያለበት ቤት ከሆነ፣ ሳይጠፋ በማሞቂያው ላይ የቆየው ትሪው ላይ ከቆየው በጣም የተሻለ ነው።

የኑሮ ውድነቱን አልረሳሁም። «ዶክተር፣ ሩዝ በዚህ ዋጋ እንዴት ይደፋል?» የሚል አስተያየት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እህል መድፋትም በእኛ ዘንድ ነውር ነው። እኔም ምግብ ሲደፋ ደስ አይለኝም። ግን ክርክሩ መነሳት ያለበት ከመሠራቱ በፊት ነው። አንድ ብርጭቆ ጥሬ ሩዝ ሲበስል ሦስት ብርጭቆ ገደማ ይሆናል። ብዙዎቻችን በዓይን ግምት ስለምንጨምር ለአራት ሰው ለስምንት የሚበቃ እንሠራለን። በብርጭቆ ለክታችሁ ሁለት ሳምንት ሞክሩት፤ የሚተርፈው ይቀንሳል፣ ዘይቱም ይቆጠባል። ተርፎ በጊዜው ፍሪጅ የገባውን ደግሞ በማግስቱ በካሮትና በሽንኩርት ጠብሳችሁ ብሉት፣ ምንም ችግር የለውም። መደፋት ያለበት ውጭ ያደረው ነው። እዚያ ላይ አልደራደርም፤ አንድ ሳህን ሩዝ ከአንድ ቀን የሕክምና ወጪ ጋር አይወዳደርም። «ለልጁ ይቅርበት፣ እኔ እበላዋለሁ» የምትሉ እናቶችም አላችሁ። እናንተም አትብሉት።

በድግስና በልቅሶ ቤት በትልቅ ድስት ስለሚሠራው ሩዝ አንድ ነገር ብቻ፦ ወይ እሳት ላይ ሆኖ ትኩስ እንደሆነ ይቆይ፣ ወይ ሰው ሊበላ ሲል ይሠራ። ሌሊት ተሠርቶ ለቀን ምሳ ሸራ ሥር መጠበቅ የለበትም።

ልጁ ታሞ ከሆነስ? ካስታወከ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል አሳርፉት፤ ከዚያ ኦአርኤስ በማንኪያ በትንሽ በትንሹ፣ በየአንድ ሁለት ደቂቃው ስጡት። አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጡ፤ ግማሽ ፓኬት በግማሽ ሊትር እያላችሁ በግምት አትከፋፍሉት። የሚጠባ ሕፃን ጡት አይቁም። ለስላሳ መጠጥና ጣፋጭ ጭማቂ ተቅማጡን ያብሰዋል። ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝታችሁ አትስጡ፤ ልጁን ያመመው ቀድሞ የተሠራ መርዝ ነውና መድኃኒቱ የሚገድለው ነገር የለም። የማስታወክ ማስቆሚያም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለልጅ አይሰጥም፤ አንዳንዶቹ ልጆች ላይ አንገትና ዓይን የሚያጣምም ጉዳት ያመጣሉ።

ልጁ የሚጠጣውን ሁሉ ከመለሰ፣ ለ6 ሰዓት ያህል ሽንት ካልሸና፣ ዓይኑ ከሰረጎደ ወይም ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ከደከመና እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ትውከቱ አረንጓዴ ወይም ደም ያለበት ከሆነ፣ ሰገራው ደም ካለው፣ ከፍተኛ ትኩሳት ካለው ወይም የዓይኑ ነጭ ቢጫ ከሆነ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ዕድሜው ከ6 ወር በታች ከሆነ እነዚህ ምልክቶች ባይታዩም አምጡት። ስትመጡ ሦስት ነገር ብትነግሩን ሥራችን ይቀላል፦ ምግቡ ስንት ሰዓት ተሠራ፣ ልጁ ስንት ሰዓት በላ፣ ማስታወክ የጀመረው ስንት ሰዓት ነው። ከዚያው ሩዝ የበላ ሌላ የቤተሰብ ሰው ካለም እሱን ጨምሩልን።